ላልቶ የተነበበው «ዋና»

«ለሰፊው የቀበሌያችን ነዋሪ ሕዝብ በሙሉ። የስፖርት ኮሚቴያችን ንብረት በሆነችው ፊሽካ ሆድ ውስጥ ትንከባለል የነበረችው ፍሬ መጋቢት 5 ቀን 1975 ዓ.ም. በግምት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልታወቀ ሁኔታ የተሰወረች ስለሆነ፣ ይህችን ፍሬ ያገኘ ወይም ያለችበትን የሚያውቅ ማንኛውም ዜጋ በአስቸኳይ ለጽሕፈት ቤታችን እንዲያስረክብ በጥብቅ እናሳስባለን። ፍሬዋ እስክትገኝ ድረስ ፊሽካዋ በመደበኛ ሥራዋ ላይ እንዳለች ይቆጠራል።»

ማስታወቂያው ማኅተም ተመትቶበት በቀበሌው በር ላይ ከተለጠፈ ሳምንት አለፈው። ፍሬዋ አልተገኘችም። ፊሽካዋም ከሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ ጡረታ እንደወጣ ሹም ተጋድማ ትውላለች። ሊቀ መንበሩ ጓድ አስማማው ጠዋት ሲገቡ አንሥተው ይነፏታል። ፍሬ የሌላት ፊሽካ፣ ያውም ሰው ረግጧት አንገቷ የጠመመ፣ እንዲሁ በቀላሉ አትጮህም፤ ከአንጀት የወጣ ትንፋሽ ትፈልጋለች። ጓድ አስማማው ደግሞ ትንፋሻቸውን በስብሰባ የጨረሱ ሰው ናቸው። «ፍፍፍ» ትላለች። «ትሠራለች» ይሉና መልሰው ያስቀምጧታል።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን ጠባቂ የነበሩ፣ ከበላይ የመጣ ወረቀት ሲያዩ የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ማንበብ ይችላሉ፤ በሰው ፊት ማንበብ ግን አይወዱም። ጸሐፊያቸውን «እኔ በዓይኔ አነባለሁ፣ አንተ በአፍህ አንብብ» ይሉታል።

ጸሐፊው ዓምደ ሚካኤል ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ በዘጌ በኩል መርጌታ ናቸው፤ እሱም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመዞሩ በፊት አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ከርሟል። ይህንን የግል ማኅደሩ ላይ «በገጠር የተወሰደ ልዩ ልዩ ሥልጠና» ብሎ ሞልቶታል። ከዚያ ሥልጠና የተረፈው ጆሮው ነው። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ወረቀት ላይ ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። የሚያጠብቀውም የሚያላላውም አንባቢው ነው። ዓምደ ሚካኤል ሲያነብ ደግሞ አንዲት ፊደል ያለቦታዋ አትጠብቅም፣ ያለቦታዋ አትላላም ተብሎ ይታመንበታል። ይህችን ያዙልኝ።

አገርነሽ የደልጊ ልጅ ናት፤ ከሐይቁ ማዶ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ናቸውና ከመራመዷ በፊት ዋኝታለች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ባሕር ዳር አክስቷ እናትዓለም ዘንድ መጥታ በአንዲት የጥጥ መዳመጫ ተቀጠረች። ዓመት ሳይሞላት ደም አሳላት። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። አሥራ ስምንት ወር ታከመች፤ መጀመሪያ በየቀኑ መርፌ፣ ቀጥሎ በየቀኑ ክኒን፤ አንድም ቀን አላጎደለችም። ዳነች። መዳመጫው ግን «ሳንባ ነው፣ አይታመንም» ብሎ ወደ ሥራዋ አልመልስም አላት። በሽታው ከደረቷ ለቅቆ በሰው አፍ ላይ ቤት ተከራየ።

አክስቷ እናትዓለም እንኳ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ያስዋጧት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ አንዲት ቢጫ የቆርቆሮ ኩባያ ለእሷ ለይተው ለብቻዋ ምስማር ላይ ሰቅለዋታል። ዳነች ከተባለም በኋላ ኩባያዋ ምስማሯን አልለቀቀችም። አገርነሽ ስለ ኩባያዋ ምንም ብላ አታውቅም። ውሃ ሲጠማት እየጎነበሰች ከእንስራው ትቀዳለች፣ ትጠጣለች፣ አጥባ ትሰቅላለች።

የክሊኒኩ ድሬሰር ነፋሻ ቦታ እንድትንሸራሸር መክሯት ነበር። ለደልጊ ልጅ ነፋሻ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ ድሬሰሩ አልጠየቃትም። በማግስቱ ሐይቅ ገባች። መጀመሪያ ቀን አሥራ ሁለት ክንድ ዋኝታ፣ ተመልሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት አሳላት። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ይህች ልጅ በገዛ እጇ ልትሞት ነው እያሉ አንሾካሾኩ። በጥቅምት ከዳር ሆኖ ውሃ ውስጥ እስከሚታየው አለት ደረሰች። በታኅሣሥ ከአለቱ አልፋ፣ መሥራት ካቆመ ዘመን ያስቆጠረው የታሰረ ጀልባ ጋ ደርሳ ገመዱን ጨበጠች። በየካቲት እዚያ ደርሳ ሳታርፍ ተመለሰች። መጋቢት ላይ አምስት ደርሶ መልስ ትሠራ ነበር፤ ልብስ አጣቢዎቹም ስለ ሞቷ ማውራቱን ትተው ሰዓት አደረጓት። «አገርነሽ ሦስት ደርሶ መልስ ስትሞላ አንሶላው ይደርቃል» ይባባሉ ጀመር።

ዓምደ ሚካኤል ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሸሚዙን ያጥባል። ያለው አንድ የስብሰባ ሸሚዝ ስለሆነ እስኪደርቅ ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል። የእሱ ሸሚዝ የሚደርቀው በአራት ደርሶ መልስ ነው። አንድ ቀን ከውሃ ስትወጣ ለምን ይህን ያህል እንደምትዋኝ ጠየቃት።

«መዳመጫው ሳንባሽን አላምንም ብሎኛል» አለችው ፀጉሯን እየጨመቀች። «እኔ ግን አምኘዋለሁ። አሁን የቀረን እነሱ ናቸው።»

እሱ ሸሚዙን ገለበጠው።

በመጋቢት መጨረሻ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ጓድ አስማማው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ዓምደ ሚካኤል ተነሥቶ አነበበ። የሠራተኛውን ቀን ምክንያት በማድረግ እያንዳንዱ ቀበሌ «አንድ ዋና ስፖርተኛ» በውድድር መርጦ በተወካይ ፊት እንዲያቀርብ፣ የተመረጠውም በመዳመጫው የስፖርት ክለብ ታቅፎ፣ ከጥጡ ብናኝ ርቆ በክለቡ ቢሮ ሥራና ሥልጠና እንደሚያገኝ ይላል።

ዋና። ሁለት ፊደል ናት። ና ጠብቃ ከተነበበች አንደኛ፣ አውራ፣ የሁሉ በላይ ማለት ነው። ና ላልታ ከተነበበች ውሃ ገብቶ መዋኘት ነው። በቀበሌያችን አንደኛው ስፖርተኛ ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ የቀበሌው ኳስ ቡድን አጥቂ፣ የጓድ አስማማው የእህታቸው ልጅ ክንዱ። ደብዳቤው ሳይመጣ ተመርጦ ያደረ ጎረምሳ ነው።

ዓምደ ሚካኤል ግን ናን አላልቶ አነበባት። ለስለስ አድርጎ፣ እንደ ውሃ።

«ዋና?» አሉ ጓድ አስማማው። «ይህ ውሃ ላይ ያለው?»

ዓምደ ሚካኤል ውሃ ውስጥም እንደሚደረግ ገለጸ። አንድ የኮሚቴ አባል ፈራ ተባ እያለ «የዋና ስፖርተኛ» ማለት አልነበረበትም ወይ፣ «የ» የት ሄደች ሲል ጠየቀ። ጓድ አስማማው ደብዳቤውን ተቀብለው አዩት። ዋና ይላል። ጥርጥር የለውም።

«የበላይ አካል ለአንዲት ‹የ› ጊዜ የለውም» አሉ። «ሐይቁን አይቶ ነው ያቀደው።»

እውነት ይሆን እንዴ ብሎ ወደ ላይ መጠየቅ አለመረዳት ነው፤ አለመረዳት ደግሞ በዚያ ዘመን ማንም ከስሙ ጋር እንዲጻፍለት የሚወደው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ውሃውን የሚያዘጋጅ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው በማግስቱ ሐይቁ ድረስ ወርዶ «ውሃው በቦታው አለ» የሚል ሪፖርት አቀረበ። ጉማሬዎች በዕለቱ እንዳይወጡ የሚያደርግ አካል ግን ሊገኝ አልቻለም።

ክንዱ ጓደኞቹን አስከትሎ ዋና ሊማር ወረደ። እስከ ወገቡ ገብቶ ጎሉ የት ነው እያለ ሰውን ሲያስቅ ዋለ። አገርነሽ በአጠገቡ ስታልፍ፣ «እህት፣ ሳንባሽ እዚህ እንዳይወድቅብን፤ የምንጠጣው ውሃ ነው» አላት።

«የወደቀውን አውጥቼዋለሁ» አለችው። «አንተ እግርህን ከጭቃው አውጣ።»

የምዝገባው ቀን አምስት ወንዶችና አገርነሽ ቀረቡ። የጤና ማስረጃ የተጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ከክሊኒኩ ያመጣችውን ወረቀት አጥፋ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ታካሚዋ ከነበረባት ዋና ሕመም ሙሉ በሙሉ ድናለች፤ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ትችላለች» ይላል።

ጓድ አስማማው ያን ቀን በራሳቸው ተማምነው ነበርና ወረቀቱን ለዓምደ ሚካኤል ሳይሰጡ በአፋቸው አነበቡት። ዋናን በቅርቡ እንደ ተማሯት፣ አላልተው አነበቧት። አንብበውም በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመልከቱ እንግዲህ። የዋና ሕመም ነው የነበረባት። ያሳመማት ዋና ነው። ከዋና የዳነችን ልጅ መልሰን ዋና ውስጥ እንክተታት? በሽተኛ ገደላችሁ ቢሉን ማን ይመልሳል?»

ማንም አልሳቀም፤ የሚያስቅ መሆኑን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበርና።

«ይህ ይጠብቃል፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ዓምደ ሚካኤል። «ከነበረባት አንደኛ ሕመም ማለት ነው።»

«የደብዳቤው ላልቶ የክሊኒኩ የሚጠብቀው በማን ትእዛዝ ነው?»

ዓምደ ሚካኤል ዓይኑን ቃለ ጉባኤው ላይ ጣለ። አንዱን ጎትቶ ቢያጠብቅ ሌላውም አብሮ ይጠብቅና ውሃውም፣ ንዑስ ኮሚቴውም፣ የልጅቷም ዕድል በአንድ ላይ ይፈርሳል። ጓድ አስማማው እስክሪብቶ አንሥተው ስሟን ሊሰርዙ ጎንበስ አሉ።

ይህን ጊዜ አገርነሽ እጇን ሰደደችና ፊሽካዋን ከማኅተሙ ጎን አነሣች። አፏ ውስጥ ከተተቻት። ነፋች።

ያቺ ፍሬ አልባ ፊሽካ ወር ሙሉ የያዘችውን ድምፅ በአንዴ ለቀቀችው። ከውጭ ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ ገባ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። አገርነሽ አላቆመችም፤ ጓድ አስማማው ጆሯቸውን ይዘው፣ እስክሪብቷቸውን ጥለው፣ እስኪበቃቸው ድረስ በአንድ ትንፋሽ ነፋቻት። ከዚያ ፊሽካዋን በቀሚሷ ጠርጋ ቦታዋ መለሰቻት። አላሳላትም።

«በሽተኛው የት አለ?» አለች።

ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ። ፊሽካዋን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የነካት የለም። የሳንባ ሰው አፍ የገባች ናት ተብሎ ጓድ አስማማው ራሳቸው የጠዋት ምርመራቸውን አቆሙ፤ ማኅተሙን ሳይቀር አንድ ስንዝር ፈቀቅ አደረጉላት።

ውድድሩ በሚያዝያ ሦስተኛው እሑድ ሆነ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሙሉ ወርዷል። ከዳር ተነሥቶ የታሰረውን ጀልባ ዞሮ መመለስ ነው። ሊጀመር ሲል ችግር ተፈጠረ፤ ፊሽካዋን የሚነፋ ታጣ። ጓድ አስማማው በመሐረብ ይዘዋት ወዲያ ወዲህ አሉ። በመጨረሻ አገርነሽ ራሷ እንድትነፋ ተወሰነ። ክንዱ «የሚነፋው ሰው መነሻውን ቀድሞ ያውቃል፣ ይህ አድልዎ ነው» ሲል ተቃወመ። አገርነሽ ፊሽካዋን ዘረጋችለት።

«እንካ፣ አንተ ንፋት።»

ክንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ተቃውሞው በዚሁ ተዘጋ። አገርነሽ ነፋች፣ ፊሽካዋን ለጓድ አስማማው ወረወረች፣ ውሃው ውስጥ ገባች። በመነሻው ከሁሉ ኋላ የገባችው እሷ ናት።

ክንዱ እስከ ደረቱ ድረስ በክብር ተራመደ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ከዳው፤ ተመለሰ። ሦስቱ አለቱ ላይ ወጥተው እንደ እርኩም ተደርድረው ቀሩ። ከፊት የቀረው አለበል የተባለ ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ ጡንቻው የጠነከረ፣ ከጅምሩ ውሃውን እየደበደበ የሄደ። ጀልባውን ቀድሞ ዞረ። አገርነሽ ተከትላው ልትዞር ስትል ማዕበሉ ከጀልባው ሆድ ተመልሶ አፏን ሞላት። አሳላት።

ከዳር ሆኖ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ የሚታይ ብቻ ነው። ራሷ ሲወርድ ሲወጣ ታየ። እጇ ገመዱን ሊይዝ ተዘረጋ። እናትዓለም ከተቀመጡበት ተነሡ። ከበስተጀርባ አንዲት ሴት «አላልሁም?» አለች። እናትዓለም ዞረው አዩዋት። ዓምደ ሚካኤል ቃለ ጉባኤውን በሁለት እጁ ይዞ ገጹን ሳያውቀው ጨምድዶታል።

አገርነሽ ገመዱን አልያዘችም። በጀርባዋ ተንጋላ ሰማይ ሰማይ እያየች ሳሏን ጨረሰች። ከጥቅምት፣ ከታኅሣሥ፣ ከዚያ አለት ጀምሮ የምታውቀው ሳል ነው፤ ከየት እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚቆም ታውቃለች። የውሃ ሳል እንጂ የሳንባ አይደለም። ተገለበጠችና መዋኘት ጀመረች።

አለበል ክንድ እንጂ ትንፋሽ አልነበረውም። አለቱ ጋ ሲደርስ ክንዶቹ ውሃውን መዳበስ ጀመሩ። አገርነሽ እንደ ቅዳሜዋ፣ ሳትቸኩል፣ ለሰው አንሶላ የምታደርቅ መስላ አለፈችው። ዳር ስትደርስ ጓድ አስማማው ራሳቸውን ረሱ። እጃቸው ላይ ያለውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ጉንጫቸው እስኪያብጥ ነፉ። «ፍፍፍ» አለች።

ከዚያ ምን እንደ ነፉ ትዝ አላቸው። ሕዝቡም ትዝ አለው፤ ሁሉም አፋቸውን ያያል። ጓድ አስማማው ፊሽካዋን አወጡ፣ አዩዋት፣ መሐረባቸውን ፈለጉ፣ ተዉት። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷትና «ትሠራለች» አሉ።

እናትዓለም ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ነበር። በራሳቸው ብርጭቆ ቀድተው ለአገርነሽ ሰጧት፤ ስታተርፍላቸው ትርፉን ጠጡት። ቢጫዋ ኩባያ ቤት ቀርታለች። ረስተዋት ይሁን ትተዋት፣ የጠየቃቸውም የነገሩትም የለም።

የበላይ አካል ተወካይ ጓድ አዘዘ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ለሽልማት አዲስ ኳስ በመረብ አንጠልጥለዋል፤ ዙሪያቸውን ሲያዩ ግን ያለው ውሃና እርጥብ ሰው ብቻ ነው።

«ዋና ስፖርተኛችሁ የት አለ?» አሉ። ናን አጠበቋት፤ ጠረጴዛ እንደሚመታ ቡጢ።

ጓድ አስማማው ሰሙ። ወደ ዓምደ ሚካኤል ዞሩ፤ ዓምደ ሚካኤል ሐይቁን እንደ አዲስ መጽሐፍ ይመለከታል። የአንድ ወር ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ንዑስ ኮሚቴ፣ የጉማሬው ጉዳይ እንደ ተከፈተ መዝገብ በዓይናቸው ፊት አለፈ። ተሳስተናል ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ክንዱ ይመረጣል፣ እሳቸው ደግሞ ሁለት ፊደል ማንበብ ያቃታቸው ሊቀ መንበር ሆነው እስከ ዱርቤቴ ድረስ ይወራባቸዋል። ክንዱን አዩት። እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። አገርነሽን አዩዋት። ሻይዋን ጨርሳ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ይህችውና» አሉ፤ ቀጥለውም ናን አጥብቀው፣ «ዋና ስፖርተኛችን።»

«ኳስ ትጫወታለች?»

«ደብዳቤው ኳስ አይልም፣ ጓድ።»

ጓድ አዘዘ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እውነትም ኳስ አይልም። በውድድር ተመርጣለች ወይ ሲሉ ጠየቁ፤ ሕዝቡ ሁሉ በውድድር ነው አለ። ቅጹ ላይ «ዋና ስፖርተኛ» ብለው ጻፉ፣ ስሟን አስከተሉ፣ ፈረሙ። ወረቀት ላይ ምንም የተሳሳተ ነገር አልነበረም። ሳንባዋን አላምንም ያለው መዳመጫም ማኅተሙን አላምንም ማለት አይችልምና በሳምንቱ ወደ ክለቡ ቢሮ ጠራት። ኳሱን በመረቡ ውስጥ እንዳለ ይዛ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ጓድ አስማማው ዓምደ ሚካኤልን ብቻውን አስገብተው በሩን ዘጉ። ፊሽካዋ ጠረጴዛው ላይ ከማኅተሙ ጎን፣ ከድሮ ቦታዋ ተመልሳለች። ሁለቱን ወረቀቶች፣ የበላይ አካሉን ደብዳቤና የክሊኒኩን ማስረጃ፣ ጎን ለጎን ዘርግተው በሁለት ጣታቸው ሁለቱን ዋናዎች ያዙ።

«አየህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስህተት ከሆነ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፣ እኔም እቀበልሃለሁ። አውቀህ ከሆነ ደግሞ…» ቀጥሎ ያለውን ሳይጨርሱት ቀሩ፤ አውቆ ከሆነ የተታለለው ማን እንደሆነ ታይቷቸው ይመስላል። ቁጣውም ወጥቶላቸዋል፤ የቀራቸው ለማወቅ መፈለግ ብቻ ነው። «ለእኔ ለብቻዬ ንገረኝ። እዚህ ላይ አላልተህ እዚህ ላይ ለምን አጠበቅህ?»

ዓምደ ሚካኤል የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ዘጋ። የተጨማደደውን ገጽ በመዳፉ ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር፣ አልተስተካከለም።

«በአፍህ አንብብ አሉኝ፤ አነበብሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ። «አላስረዳም።»